ዓሣ ያሳጠረ ሰው

ሜትሮ ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን የምትጠቀምበት ስትቆጣ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። በዳቦ ቤቱና በመድኃኒት ቤቱ መካከል በተሰነቀረች፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ ቆሞ በሚለካባት ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰፍቷል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ከቤት ይወጣል፤ አንገቱ ላይ ጥሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ከነሜትሩ ገላውን ሊታጠብ ገብቶ ነበር ይባላል። እሱ ይክዳል፤ ሚስቱ ግን አትክድም።

ስለ ሜትሮ ሌላው የሚባለው ነገር አይዋሽም የሚለው ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ አለመዋሸት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰፊ ማለት በተለምዶ "ነገ ይደርሳል" የሚል ፍጡር ነው። እሱ ግን ለሐሙስ ይደርሳል ካለ ሐሙስ ጠዋት ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ይጠብቃል። "ያው የአምናው ልኬ ነው" ብለው ሆዳቸውን ስብስብ አድርገው ለሚቆሙት ሁሉ፣ "የለም፣ ከአምናው አራት ጣት ጨምራችኋል፤ አሁን ተንፍሱ" ይላቸዋል፤ ያውም ደጅ የቆመው እየሰማ። በዚህ ያኮረፈው ደንበኛ ቁጥር ስፍር የለውም። የገዛ ወንድሙን የሠርግ ኮት ሰፍቶ ማንም ያላየውን ጉድለት እንግዳው ሁሉ ፊት "የግራው እጅጌ ጠማማ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ተናግሮ፣ ሙሽራው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሠርጉ አለቀ። "ያለኝ ሀብት ቃሌ ብቻ ነው" ይላል ሜትሮ። ሱቋን ላየ ሰው እውነቱን ነው።

ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ክበብ የገባውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ዓሣ ማጥመድማ አይሆንለትም። ክበቡ ሐይቁ ዳር ያለች የሳንቃ ቤት፣ ወደ ውሃው የሚገባ የእንጨት ድልድይ፣ አንድ የሻይ ምድጃ፣ ሠላሳ የሚሆኑ አባላትና የማያልቅ ጭቅጭቅ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ለጥላ የሚሆን ሸራ እንዲሰፋላቸው ጠሩት። ጥግ ይዞ ሲሰፋ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ዓሣ መሃላቸው አጋድመው፣ "ሁለት ስንዝር ተኩል ነው"፣ "በማን ስንዝር?" እየተባባሉ ሊደባደቡ ደረሱ። ሜትሮ ቢጨንቀው ተነሣ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ዓሣውን ለካና "አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር" አለ። ጸጥ አሉ። በክበቡ ታሪክ አንድ ነገር ያለ ክርክር ሲያልቅ የመጀመሪያው ስለነበር እዚያው ለካፊ አድርገው መረጡት። እሱም ከሱቁ አዲስ ሜትር አምጥቶ ለክበቡ ሰጠ። ሜትሩ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ከሻይ ብርጭቆዎቹ በላይ ተቀመጠ፤ ከሜትሮ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ተባለ።

አለካኩ እንዲህ ነው፤ ሜትሮ የሜትሩን መነሻ በዓሣው አፍ ላይ ይይዛል፤ ባለ ዓሣው ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ጅራቱ ይስባል። ዓሣው እርጥብ፣ ሜትሩ እርጥብ፣ እጁ እርጥብ። የዓሣ አጥማጅ እጅ ደግሞ ሜትር ላላ አድርጎ ይዞ አያውቅም። ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ነው የሚስበው፤ በሳበ ቁጥር ዓሣው የሚረዝምለት ይመስለዋል። ከዚያ ሜትሮ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ይግባኝ የለም። ከሰማንያ በላይ የሆነ ዓሣ ከተገኘ ኮምፔርሳቶ ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በእርሳስ ይነድፉታል፤ ቁጥሩን ከሥሩ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተሰቀሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው የረጅሙ ነው። ረጅሙ የሚሉት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ነኝ ይላል፤ ካልጠየቃችሁትም ይላል። ሜትሩ ገና ሁለት ወሩ ሳለ ሰማንያ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሆነ አምባዛ አወጣ። በክበቡ ደንብ የትልቁ ዓሣ ባለቤት፣ የሚበልጠው እስኪመጣ ድረስ፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ መደገፊያ ወንበር የእሱ ናት። ሌላው ሰው በተገለበጠ ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ረጅሙ እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያች ወንበር ላይ ሆኖ ያንን አምባዛ እንዴት እንዳወጣው ይተርካል። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ከሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በመካከል የሻይ እረፍት አለው።

ሁለተኛው የሜትሮ ሚስት ዓሣ ነው። እሷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ከክበቡ አባላት የግማሾቹን ልጆች የተቀበለቻቸው እሷ ናት። "ባሌ እሑድ እሑድ የሚጠፋበት ጉድ ምን እንደሆነ ልይ" ብላ መጥታ፣ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ዓሣ አውጥታ ቀረች። እጇ የረጋ ነው፤ ዓሣ ሲነክስላት አትጮህም፤ "ነይ፣ ነይ፣ በርቺ" እያለች ታወጣዋለች። አምና በዚህ ወቅት አንድ አምባዛ ነከሰላት። ሃያ ደቂቃ ታገለችው። ክበቡ በሙሉ ሣጥኑን ጥሎ ተሰበሰበ፤ ረጅሙ እንኳ ከወንበሩ ተነሣ፤ ይህ ራሱ ታሪክ ነው። ሜትሮ ለካ። "ሰማንያ አራት" አለ።

ረጅሙ ወንበሩን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። "አይዞሽ እህቴ፣ ለጨቅላ ዓሣ ደህና ነው" አላት። ንድፉ ቦታ የለም ተብሎ ከበሩ ኋላ ተሰቀለ፤ በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል የሚያየው ሰው አልነበረም። አዋላጇ ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ግን ዓመት ሙሉ ዝም አላለችም። "ሦስት ሳንቲ ሜትር" ትላለች ሽንኩርት ስትከትፍ፤ "ሦስት ሳንቲ ሜትር" ትላለች አልጋ ስታነጥፍ። ሜትሮ ምን ይበል? የተለካ ተለክቷል።

በዚህ መሃል ክበቡን ሌላ ጭንቀት ያዘው፤ የሐይቁ ዓሣ እያጠረ ነው የሚል። የዛሬ አሥር ዓመት ሰባ የሚሆን ዓሣ በየወሩ ይወጣ ነበር፤ አሁን ስልሳ ስድስት ከሆነ ዕልል ነው። ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ አናጢው ጥፋቱ የሞተር ጀልባ ጩኸት ነው አለ። ረጅሙ፣ "ትልልቆቹ እኔን አይተው ሄዱ" አለ። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ባለሙያ መጣ፤ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፤ "ውሃው ውሃ ነው" ብሎ ሻይውን ጠጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ዓሣው ስላጠረ በትንሽ መንጠቆ እንጠቀም ብለው ወሰኑ። ትንሽ መንጠቆ ትንሽ ዓሣ ይይዛል፤ ይህም የዓሣውን ማጠር አረጋገጠላቸው። ከዚያ ዘንድሮ የአናጢው ሐሳብ መጣ። ከእንግዲህ ትልቅ ዓሣ ስለማይገኝ በዓመታዊው ስብሰባ ቀን ወንበሩ በብሎን ይታሰር፣ የነሐስ ሰሌዳ ይለጠፍበት፣ ለረጅሙ ለዘለቄታው ይሰጠው። ሁሉም እጁን አወጣ። አዋላጇ እጇን አላወጣችም፤ መንጠቆዋን ታጸዳ ነበር።

ስብሰባው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲስቱ ወደ ሱቁ ገባ። ጎረቤት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ አዲሱን ሱሪውን ለብሷል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሱሪ የኔ ነው ወይስ የታናሽ ወንድሜ?"

ሜትሮ ወደ ታች አየ። ካልሲው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጁ ጎርፍ ሊሻገር የተዘጋጀ ይመስላል።

"በልተህ ረዝመህ እንደሆነ" አለ ሜትሮ፤ ግን ራሱም አላመነውም። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ሱሪ አሳጥሮ አያውቅም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እግሩን ለካው፤ መቶ። ሱሪውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተቸነከረው የእንጨት ማስመሪያ ለካው፤ መቶ። መቶ እግርና መቶ ሱሪ፣ መሃላቸው አራት ጣት ካልሲ። በመጨረሻ ሜትሩን ከማስመሪያው ጎን ዘረጋው። የሜትሩ መቶ ያረፈው ማስመሪያው መቶ ስድስት ላይ ነበር።

የያዘው የራሱን ሜትር አልነበረም። ያለፈው እሑድ የክበቡ ሜትር በጣም ስለራሰ እንዲደርቅ አንገቱ ላይ ጥሎት የራሱን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጦ ወጥቷል። የያዘው ያንን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሠላሳ እርጥብ እጅ የተሳበውን ነው። ጨርቅ ነው፤ ሲስቡት ይረዝማል። ሜትር ከረዘመ ደግሞ የሚለካው ነገር ያጥራል። ዓሣዬ ይርዘም ብሎ የሳበ ሁሉ የራሱንም የጎረቤቱንም ዓሣ ሲያሳጥር ኖሯል። ሐይቁ ምንም አልሆነም፤ ውሃውም፣ እንደተባለው፣ ውሃ ነው።

ለፋርማሲስቱ ሌላ ሱሪ እንደሚሰፋለት ነግሮት፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ክበቡ ሄደ። የሥራ ቀን ስለሆነ ሰው የለም። የራሱን ሜትር ከቆርቆሮው አወጣ፤ በሩን ከውስጥ ዘጋው፤ ከበሩ ኋላ ያለውን የሚስቱን አምባዛ ለካ። ሰማንያ ዘጠኝ። ከበሩ በላይ ያለውን የረጅሙን ለካ። ሰማንያ ሰባት፤ ያን ጊዜ ሜትሩ አዲስ ነበርና አንዲትም አልተዛነፈችም። ሜትሮ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

ዓመት ሙሉ ሚስቱ የምትጨቃጨቀው በእውነቷ ነበር። ይህን ለክበቡ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንበሩ በብሎን ይታሰራል፣ አለቀ። ቢናገርስ? "ሜትሩ ተበላሽቷል፤ እንደ አጋጣሚ የሚያሸንፈው ደግሞ የሚስቴ ዓሣ ነው" ብሎ ሲናገር ታየው። ማን ያምነዋል? ረጅሙ፣ "ለሚስቱ ሲል ዓሣ አስረዘመ" ብሎ ከዚያችው ወንበር ላይ ሆኖ ሌላ የአንድ ሰዓት ተረት ይጀምራል። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ስም በአንድ እሑድ ይሄዳል። ለሚስቱ እንዳይነግራት ደግሞ ያውቃታል፤ ምሳ ሳትበላ ሐይቁ ዳር ቆማ ነው የምትጮኸው። ሆድ ይፍጀው አለና የተለጠጠውን የክበቡን ሜትር ወደ ቆርቆሮው መልሶ፣ የራሱን አንገቱ ላይ ጥሎ ወጣ።

ያን ሰሞን ሜትሮ እንቅልፍም ምግብም አጣ። ሚስቱ "ሦስት ሳንቲ ሜትር" ስትል ብድግ ብሎ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ሳህን ሲያልቅበት ድስት ያጥባል። እሷ ምን ነካህ አላለችውም፤ ጥሩ ነገር ሲመጣ አትመርምር የሚል እምነት አላት።

መውጫውን ያመጣለት ራሱ ረጅሙ ነው። ስብሰባው አምስት ቀን ሲቀረው ሱቁ ገባ፤ ከበሩ ጉበን ሥር ሳያስፈልገው ጎንበስ ብሎ።

"ሜትሮ፣ ኮት ትሰፋልኛለህ። ወንበሩ ላይ ሆኜ ፎቶ እነሣና ከሰሌዳው በላይ ይሰቀላል።"

ሜትሮ ሜትሩን ከአንገቱ ሊያወርድ እጁን ሰደደና ቆመ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ጨዋ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከየት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

"እዚህማ አልለካህም" አለ። "ያንተን ልክ በሱቅ ሜትር? አምባዛህን በለካንበት ሜትር፣ እሑድ፣ አባላቱ ሁሉ ባሉበት ነው የምለካህ።"

ረጅሙ ደስታው ከፊቱ አልፎ ወደ ጆሮው ወጣ። "አንተ ሰው፣ ዛሬ ገና ሰው አከበርክ" ብሎ ሄደ።

እሑድ ጠዋት የክበቡ ቤት ጢም ብላለች። አናጢው መሣሪያ ቦርሳውን ከነመሰርሰሪያው ይዞ መጥቷል፤ የነሐስ ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃል። አዋላጇ በሩ አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሜትሮ ቆርቆሮውን ከፈተ። የክበቡን ሜትር አወጣ፤ የረጅሙን ትከሻ ለካ፣ እጅጌውን ለካ፣ ቁጥሩን አናጢው ጻፈ።

"አለቀ" አለ ሜትሮ ሜትሩን እየጠቀለለ። "ቁመት ለኮት አያስፈልግም።"

ዓሣ ማጥመድ አይሆንለትም ብያለሁ አይደል? ቃሌን አነሣለሁ። ረጅሙ እንዴት እንደነከሰ ብታዩ!

"ምን ማለትህ ነው አያስፈልግም? ለካ እንጂ! ቁመቴ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አለበት!"

ምሰሶው ላይ አስደግፈው አቆሙት። አናጢው ከራሱ በላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ሜትሮ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ጀምሮ ለካ፤ ሜትሩ ሲያልቅበት ምልክት አድርጎ ቀጠለ። ከዚያ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አነበበ፤

"አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።"

አልዋሸም፤ ሜትሩ ያለውን ነው ያነበበው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ግን ይህ ነው።

"ስንት?" አለ ረጅሙ።

"ከሰባ ሁለት።"

"ድገምና ለካ!"

ደገመና ለካ። ያው ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አስመሰለው።

"እርጅና ያሳጥራል" አለች አዋላጇ ከሣጥኗ ሳትነሣ። "በጡረታ ጊዜ ያለ ነው፤ አትፍራ።"

"አሥር ሳንቲ ሜትር? አሥር ሳንቲ ሜትር ያሳጥራል?"

"ዓሣውን የያዘው በሽታ ይሆናል እንግዲህ። ወደ ሰው ተላልፎ ይሆናል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ረጅሙ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ሐኪም ለክቶኛል! ከሰማንያ ሁለት! ወረቀቱ ቤቴ አለ! ይሄ ሜትር ውሸታም ነው! ሰማችሁ? ውሸታም ነው! አንተ አናጢ፣ የብረት ሜትርህን አምጣ!"

ሜትሮ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ቃል ከገዛ አፉ ማውጣት አቅቶት ሦስት ሳምንት ሳህን ያጠበበትን፣ ረጅሙ በነጻ ጮኸለት። አናጢው ቦርሳውን ከፍቶ የብረት ሜትሩን መዘዘ፣ ከወለል እስከ ምልክቱ ዘረጋው።

"አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት" አለ አናጢው። ከዚያ ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጎንበስ ብሎ ቀረ። "ኧረ ጉድ ነው። በየመቶው ስድስት ሳንቲ ሜትር ተለጥጧል።"

"አላልኩም?" አለ ረጅሙ ዙሪያውን በድል እያየ። "አላልኩም?"

እያንዳንዱ አባል በልቡ ሲደምር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ስልሳ ስድስቱን ሰባ፣ ሃምሳውን ሃምሳ ሦስት ያደርጋል። በዚያች ደቂቃ የሐይቁ ዓሣ ሁሉ አንድ ላይ አደገ። አዋላጇ ግን አልደመረችም። የሻይ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ተነሣች፤ በሩን ገፍታ ዘጋችው። ከበሩ ኋላ አምባዛዋ ብቅ አለ።

"ይሄንንም" አለችው አናጢውን።

አናጢው ለካ። "ሰማንያ ዘጠኝ።" የረጅሙንም ለካ። "ሰማንያ ሰባት።"

ረጅሙ የራሱ ድምፅ ምን እንዳደረሰበት የገባው ያን ጊዜ ነው። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አለ። "አሮጌው ሜትር አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለን ሜትር ነው። በአንድ ቀን..."

"እሺ" አለ አናጢው፤ ሰውየው አናጢ ይሁን እንጂ ዳኛ ነው የወጣው። "ክበቡ አንተ በመረጥከው ሜትር ይሄዳል። በጨርቁ ካልክ ወንበሩ ያንተ ነው፣ ሰሌዳው ላይም አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። በብረቱ ካልክ ከሰማንያ ሁለት ነህ፤ ወንበሩ የእሷ ነው። ለዓሣ አንድ፣ ለሰው አንድ ሜትር ግን የለም።"

ረጅሙ ወንበሩን በመስኮት አየ። ምሰሶው ላይ ያለውን ምልክት አየ። አየር ሳበ፤ ቁመቱ ትንሽ የጨመረ መሰለ።

"ውሰጂው" አለ በመጨረሻ። "ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመቱም አይታይ።"

ዕልልታው፣ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ሜትሮንም ጀርባውን እየመቱ አመሰገኑት፤ "የገዛ ሚስቱን ዓሣ ሰማንያ አራት ብሎ ያነበበ ሰው! ሜትሩ ይዋሻል እንጂ እሱ አይዋሽም!" አሉት። ሰው ሁሉ መንጠቆውን ይዞ ወደ ድልድዩ ወጣ። ሜትሮ ሦስት ሳምንት የተሸከመው ድንጋይ ከደረቱ ወረደለት። ስሙም ተረፈ፣ የሚስቱ እውነትም ወጣ፣ ማንም አልተጎዳም። ለራሱ ሻይ ቀዳ።

ሚስቱ ግን አልወጣችም። ከንድፏ ፊት ቆማለች።

"ሦስት ሳምንት ታውቅ ነበር" አለችው ሳትዞር።

"ማን ነገረሽ?"

"ድስቶቹ። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ ድስት ስታጥብ አይቼህ አላውቅም።"

ሜትሮ ሁሉንም ነገራት፤ ሱሪውን፣ ማስመሪያውን፣ ለሚስቱ አደላ እንዳይሉት መፍራቱን። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

"ይሁን" አለች። "ሦስቱን ሳምንት ይሁን። ዘዴህም ደስ ብሎኛል፤ የዛሬን የረጅሙን ፊት በሕይወቴ አልረሳም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምና፣ ያን ቀን። አንተ፣ ሰው ከበር ሲገባ ወገቡን ነግረህ ከዚያ ነው የምትለካው፤ ስትስት አላየሁህም። ዓሣዬን እዚህ አጋደምኩት። የረጅሙ ንድፍ ከበሩ በላይ ነበር፤ ቀና ብትል ታየዋለህ። ዓይንህ አላየም?"

ሜትሮ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አይቷል። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ ሜትሩን ገና ሳያወጣ፣ "ከሰማንያ ስምንት አያንስም" ብሎት ነበር ዓይኑ። ከዚያ ሜትሩ ሰማንያ አራት ሲል እጁ ለአንድ አፍታ ቆሞ ነበር። የሌላ ሰው ዓሣ ቢሆን "አንዴ ቆይ" ብሎ ደግሞ ይለካ፣ ሜትሩን ይመረምር ነበር። ቀና ሲል ግን ሠላሳ ፊት ያየዋል፤ የሚያየው ባል ለሚስቱ ሲለካ ነው። ከዚያ ከወትሮው ይበልጥ ጮክ ብሎ አነበበ። ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ስለ ራሱ ቅንነት እያሰበ ደስ ብሎት እንደነበረም ትዝ አለው። አሁን ያ ደስታ አሳፈረው።

"አይቷል" አለ።

እሷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። "ከእኔና ከስምህ ስምህን መረጥክ" አለች ብቻ፣ የማጥመጃ ዘንጓን አንሥታ ወጣች።

ሜትሮ ብቻውን ቀረ። ከግድግዳው ባሻገር ሳቃቸው ይሰማል። አሁን ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷም ባልዋን አታዋርድም። ይህ ነው የባሰበት። የተለጠጠውን ሜትር ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ድልድዩ ወጣ፤ ጫፉ ድረስ ሄደ፤ ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ክሯን ወርውራለች።

"ስሙኝ" አለ ሜትሮ፣ ዓሣ ሲያነብ በሚጮህበት ድምፅ። "አምና የሷ ዓሣ እንደሚበልጥ ዓይኔ አይቶ ነበር። ለሚስቱ አደላ እንዳትሉኝ ፈርቼ ሜትሩ ያለውን ተቀበልኩ። ሜትሩ ባያውቅ ነው፤ እኔ ግን አውቄ ነው። ከእንግዲህ ለካፊ ሌላ ሰው ምረጡ።"

ሠላሳ ሰው አፉን ከፍቶ አየው። ሁሉም ዕድሜ ልኩን ዓሣ ሲያስረዝም የኖረ ነው፤ ክንዱን ሲዘረጋ ትከሻው እስኪወልቅ። በመጨረሻ የተናገረው ከተገለበጠ ሣጥን ላይ ሆኖ ረጅሙ ነው።

"እኔ ብዙ ዋሾ አውቃለሁ" አለ በቁም ነገር፤ "ዓሣ አሳጥሮ የዋሸ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ለመሆኑ በዚህ ምን ይገኛል?"

ድልድዩ በሳቅ ተናወጠ። ሜትሮም ሳይወድ ሳቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ ክሯ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ እያየች ጠየቀችው።

"ሌላ አውቀህ ያሳጠርከው አለ?"

"የለም። ያንቺን ብቻ ነው።"

"ይቅር ለማለት ጊዜ የሚወስድብኝ ይኼው ነው" አለች።

ሜትሮ ሣጥን አምጥቶ ከወንበሩ አጠገብ ተቀመጠና፣ ሳትጠይቀው፣ ዓሣ የምታወጣበትን መረብ ያዘላት።